ርዕደ መሬት በዛ ወይስ መዝገቡ ወፈረ?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ ወራትን ተሻግሮ የአዲስ አበባን ፎቆች ማወዛወዝ ሲጀምር በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጥያቄ ተደጋገመ፤ ርዕደ መሬት በአገራችን እየበዛ ነው ወይ? ብዙ ሰው ስልኩን ከፍቶ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይን ዝርዝር አየ። የቀደሙት ዓመታት ረድፍ ሳስቶ፣ የ2017ቱ ግን ተጨናንቆ ታየው፤ መልሱም በራሱ የተሰጠ መሰለው። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ይህንኑ የመሰለ ድምዳሜ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ነው። የርዕደ መሬት መዝገብ ምድር ያደረገችውን ሁሉ አይዝም። የያዘው ጣቢያዎች የሰሙትን፣ ባለሙያዎች ያሰሉትንና አሰባሳቢው ተቋም የመረጠውን ነው። መዝገቡን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚፈልግ ሰውም በእያንዳንዱ የትእዛዙ ክፍል ሳይንሳዊ ውሳኔ ያሳልፋል። ስለዚህ ትእዛዙ ከውጤቱ እኩል ተጽፎ ሊቀመጥና ሊመረመር ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ከዜና መዋዕል እስከ ዳታቤዝ

ርዕደ መሬትን መዝግቦ ማኖር ከመሣሪያው ይቀድማል። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማሌት ከልጁ ጋር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሳተመው ካታሎግ ከመጻሕፍት፣ ከጋዜጦችና ከገዳማት ማስታወሻዎች የተለቀመ ነበር። ጆን ሚልን ከጃፓን ተመልሶ በእንግሊዝ ዋይት ደሴት የዓለም ጣቢያዎችን ንባብ መሰብሰብ ሲጀምር ግን መዝገቡ ጠባዩን ለወጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው ሰው የተሰማው ብቻ መሆኑ ቀርቶ መርፌ የጫረው ሆነ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲስሞሎጂ ማጠቃለያ፣ ከ1964 ወዲህ ደግሞ በዓለም አቀፉ የሲስሞሎጂ ማዕከል እጅ ቀጠለ። የማግኒትዩድ ልኬት የመጣው ቻርልስ ሬክተር በ1935 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ባዘጋጀው ስሌት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ርዕደቶች መጠን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሰላ መሆኑን የካታሎግ ተጠቃሚ ሊያስታውሰው ይገባል።

የእኛ አገር ታሪክ ይህንኑ መንገድ በአጭሩ ይደግመዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ጣቢያው ኋላ አሜሪካ በኑክሌር ሙከራ ክትትል ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከዘረጋቻቸው አንድ ወጥ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በአንድ ጥራዝ አሳተሙ። ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የመሣሪያ ንባብን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመዛዘኑበት መንገድ ዛሬም አርአያ ነው፤ በእኔ ግምት ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚበልጠው የጥርጣሬያቸው ሐቀኝነት ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስደነገጠውን ርዕደ መሬት እንውሰድ። ጉተንበርግና ሬክተር መጠኑን 6.8 ገደማ አድርገውታል። ማዕከሉ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በትክክል የት እንደነበር ግን ያኔ በነበሩት ጥቂት ሩቅ ጣቢያዎች ሊወሰን አይችልም። ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ሲፈለግ ያው ርዕደት እንደ ትናንቱ ሁሉ ሁለት ጥርት ያሉ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች ይዞ ይወጣል። በአንባቢው ዓይን ሁለቱ ረድፎች እኩል ናቸው፤ በእውነቱ ግን በመካከላቸው የመቶ ዓመት የመሣሪያ ልዩነት አለ።

የፍለጋውም መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ፊንገር በተባለ አጭር የኮምፒዩተር ትእዛዝ የቅርብ ቀናት ዝርዝር ያወርዱ፣ የሞገድ መረጃም በተወሰነ ቅርጽ በተጻፈ ኢሜይል ይጠይቁ ነበር። ኋላ የዲጂታል ሲስሞግራፍ መረቦች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድ ወጥ የጥያቄ ደንብ ሲያወጣ የአሜሪካው፣ የአውሮፓውና የእንግሊዙ ማዕከል በአንድ ቋንቋ የሚጠየቁ ሆኑ። ኦብስፓይ የተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍትም ማዕከላቱን በዚህ ደንብ መጠየቅ ይችላል። የአሜሪካው ተቋም ያዘጋጀው ሊብኮምካትም ኮምካት የተሰኘውን ካታሎግ በጽሑፍ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ አንዱ ትእዛዙ ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ያወጣል፣ ሌላው የአንድን ርዕደት የእርማት ታሪክ ያሳያል፣ ሌላው ደግሞ በተሰጠው ጊዜና ቦታ አጠገብ ያለውን ክስተት ለይቶ ያገኛል።

በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ያሉ ውሳኔዎች

የፈንታሌን ጉዳይ የሚመረምር ሰው ኬክሮሱን ከ8.5 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱን ከ39.5 እስከ 40.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ዝቅተኛውን መጠን 4 አድርጎ ቢጠይቅ ቀላል ነገር የጠየቀ ይመስለዋል። ከጊዜው እንጀምር። መነሻ ቀን ያልሰጠውን ጠያቂ የአሜሪካው አገልግሎት ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ የጠየቀ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በአንድ ጥያቄም ከ20,000 በላይ ክስተት አይሰጥም። ሊብኮምካት ይህን ሁለተኛውን ገደብ ጊዜውን በራሱ እየከፋፈለ ያልፈዋል፤ በእጁ የሚጠይቅ ሰው ግን ራሱ መከፋፈል አለበት። ከዚህ ይልቅ የኢትዮጵያን አንባቢ የሚነካው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። መዝገቡ የሚናገረው በግሪኒች ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 የደረሰውና የአሜሪካው ተቋም 5.7 ብሎ የመዘገበው ርዕደት በመዝገቡ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025፣ ከእኩለ ሌሊት 52 ደቂቃ በኋላ ተብሎ ይገኛል። አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ጃንዋሪ 3 ላይ በወደቀ ነበር። በቀን እየከፈለ የሚቆጥርና ከአካባቢው ሰው ቃል ጋር የሚያነጻጽር ሰው ይህን ካልዘነጋ ነው ውጤቱ የሚገጥምለት። በድሮ ሰነዶች ላይማ ችግሩ ይከብዳል። ዜና ጸሐፊው ዓመቱን ብቻ ከጻፈ፣ ዓመታችን በመስከረም ስለሚጀምር ያ አንድ ዓመት በፈረንጅ ሁለት ዓመታት ላይ ይዘረጋል፤ ካታሎጉ ግን አንዱን መርጦ መጻፍ ግድ ይለዋል።

ቦታውም እንዲሁ ነው። በአቅራቢያው በቂ ጣቢያ በሌለበት፣ በሩቅ ጣቢያዎች ብቻ የተሰላ የርዕደት ማዕከል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል። በፈንታሌና በዶፈን መካከል ያለው ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ በአንደኛው ተራራ ዙሪያ 15 ኪሎ ሜትር ክብ አስምሮ የቆጠረ ሰው የቆጠረው የተራራውን ርዕደት ይሁን የስሌቱን ስሕተት መለየት ያዳግተዋል። ጥልቀቱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ወጥመድ ነው። የስምጥ ሸለቆአችንን ዝርዝር በጥልቀት ቅደም ተከተል የሚያሰልፍ ሰው እጅግ ብዙ ርዕደት በትክክል 10 ኪሎ ሜትር ላይ ተከምሮ ያገኛል። ከመሬት በታች የተለየ ንብርብር ስላለ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጥልቀቱን ከመረጃው ማውጣት ሲያቅት ስሌቱ እንዲጸና የሚሰጠው ቋሚ ቁጥር ነው። በቀደሙት ዘመናት መዛግብት ይኸው ሚና የ33 ኪሎ ሜትር ነበር። ስለዚህ ጥልቀትን በማጣሪያነት የተጠቀመ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚለየው በደንብ የተሰሉትንና ያልተሰሉትን እንጂ ጥልቁንና ቅርቡን አይደለም።

የመጠኑ ነገር ረዘም ያለ ማብራሪያ ይሻል። ዜናችን ሁሉንም በሬክተር ስኬል ይለዋል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ልኬት አብሮ ይኖራል፤ የሬክተር ዝርያ የሆነው የአካባቢ መጠን፣ የአካል ሞገድ መጠን፣ የገጽ ሞገድ መጠን፣ እንዲሁም ካናሞሪና ሃንክስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያጸኑት የሞመንት መጠን። የአካል ሞገዱ ልኬት ከ6 አለፍ ሲል ይጠግባል፤ ምድር የለቀቀችው ጉልበት ቢጨምርም ቁጥሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የሞመንት መጠን ደግሞ ለትንንሾቹ ርዕደቶች በአብዛኛው አይሰላም። በመሆኑም መጠናቸው ከ4 የሚበልጡትን አምጣ የሚል ትእዛዝ በተለያየ ሚዛን የተመዘኑ ነገሮችን በአንድ ረድፍ ያሰልፋል። የካታሎግ አንድነት ጠበቆች ሁሉንም በስታቲስቲክስ ቀመር ወደ ሞመንት እንቀይር ይላሉ፤ የአደጋ ካርታ የሚሠራ ሰው ያለዚህ አንድ እርምጃ አይራመድም። ተቃዋሚዎቹ ቀመሩ በአንድ አካባቢ ተሠርቶ በሌላው ሲተገበር አዲስ ስሕተት ይጨምራል፣ ዋናውንም ንባብ ይሸፍናል ይላሉ። እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፤ የማይታረቁት የተቀየረው ቁጥር የመጀመሪያውን ከመዝገብ ሲያስወጣው ብቻ ነው። ሊብኮምካት የአንድን ርዕደት መጠኖች ሁሉ ከነዓይነታቸው እንዲያወጣ ሊታዘዝ ይችላል። ይህን የማያደርግ ፍለጋ የሚያገኘው ተቋሙ ተመራጭ ያለውን አንዱን ብቻ ነው። በዚያች የታኅሣሥ ሌሊት የአሜሪካው፣ የጀርመኑና የአውሮፓ ሜዲትራኒያኑ ማዕከላት የተለያየ ቁጥር ማውጣታቸው ብዙዎችን አስገርሟል፤ ከላይ ያለውን ለሚያውቅ ግን የሚያስገርመው አንድ ቁጥር ቢያወጡ ነበር።

ያልተሰማው ስንት ነው?

የመጨመር አለመጨመር ክርክር ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ መዝገቡ ከየትኛው መጠን ጀምሮ ሙሉ ነው? ጉተንበርግና ሬክተር በ1944 እንዳሳዩት መጠኑ በአንድ ሲቀንስ የርዕደቱ ብዛት ወደ ዐሥር እጥፍ ይጠጋል። የጣቢያዎች መረብ እንደ ወንፊት ነው፤ ዓይኑ በጠበበ ቁጥር የሚይዘው ይበዛል። ለኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ መረብ የሚይዘው በጥቅሉ ከ4 እስከ 4.5 ጀምሮ ያለውን ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ በፊት ከ6 በታች ያለው ብዙው አምልጧል። ከ1900 እስከ ዛሬ ያለውን በአንድ ትእዛዝ ጠርቶ በየዐሥር ዓመቱ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ጭማሪ እንግዲህ በመጀመሪያ ደረጃ የመረቡ ታሪክ ነው።

የዚህ ማስረጃ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አለ። ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ኢግል የተባለው የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ፕሮጀክት በዋናው ስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል ጊዜያዊ ጣቢያዎችን ተክሎ ነበር። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ርዕደቶች ቦታቸው ተለይቶ ተመዘገበ፤ ትልቁ እንኳ 4 አልሞላም። ለዚያው ጊዜና ለዚያው ቦታ የዓለም አቀፉን ካታሎግ ዝቅተኛ መጠን 4 ብሎ የጠየቀ ሰው ጸጥ ያለ አገር ያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈንታሌ የነበረውን ርዕደት ተከትሎ ሳተላይት ከመሬት በታች የቅልጥ ዐለት ሰርገት እንደነበረ አሳይቷል። የ2017 ዓ.ም. ክስተት ስለዚህ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ መዝገቡ ግን ከሳሳ ረድፍ ቀጥሎ የተጨናነቀ ረድፍ አድርጎ ያቀርበዋል።

የተቃውሞው ድምፅ ግን ሊሰማ ይገባል። መዝገቡ ይህን ያህል ጎዶሎ ከሆነ መቁጠሩ ምን ይረባል የሚል ሰው አለ። መልሱ የሙሉነት ወሰኑ ለየዘመኑ ተለይቶ ከተሰላና ከዚያ በታች ያለው ከቆጠራው ከወጣ፣ የቀረው ይቆጠራል፣ ይነጻጸራልም የሚል ነው። አታላይ አየለና ኦታ ኩልሃኔክ በ1997 የአፍሪካ ቀንድን የ1960–1993 ርዕደት የመረመሩት በመሣሪያ ዘመን ላይ በመወሰን ነበር። ወሰኑ ከተከበረ የሚደረስበትም ነገር አለ፤ መጠናቸው ከ4.5 በላይ የሆኑትን ብቻ ወስዶ ያለፉትን አራትና አምስት ዐሥርት ዓመታት ለሚያነጻጽር ሰው የ2017ቱ ክስተት በዚያ አካባቢ ልዩ መሆኑ አይካድም። ልዩ መሆኑና በአገር ደረጃ እየጨመረ መሄዱ ግን ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ ርዕደት፣ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ሰርዶን ያወደመው፣ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአፋር ዳባሁ የደረሰው ሁሉ በተመሳሳይ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ተጨናንቀው ያለፉ ናቸው። እንዲህ በክምችት በሚመጣ ነገር ላይ ከሁለትና ከሦስት ክምችቶች ተነሥቶ አዝማሚያ ማውጣት ስታቲስቲክሱ አይፈቅድም።

ዳባሁ ሌላም ነገር ያስተምራል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 የሚበልጥ ከ160 በላይ ርዕደቶች ተመዘገቡ፤ የሳተላይት ልኬት ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 8 ሜትር የሰፋ የቅልጥ ዐለት ሰርገት ማለፉን አሳየ። ርዕደቶቹ የለቀቁት ሞመንት ተደምሮ ከጠቅላላው የመሬት እንቅስቃሴ 10 በመቶ አልሞላም። መዝገቡ ፍጹም ቢሟላ እንኳ፣ ምድር ያለ መንቀጥቀጥ የምታደርገውን ትልቁን ድርሻ አይዝም ማለት ነው። የአደጋ ስጋትን ከርዕደት ብዛት ብቻ የሚያነብ ሰው በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዋናውና ተከታዩ

ከሙሉነት ወሰኑ በላይ የተቆጠሩት ርዕደቶች ሁሉ ነጻ ክስተቶች ናቸው ወይስ የአንዱ ልጆች? ጋርድነርና ክኖፖፍ በ1974 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ተከታዮቹን በጊዜና በርቀት መስኮት አውጥተው የቀሩት በዘፈቀደ የሚደርሱ መሆናቸውን ጠየቁ፤ የጽሑፋቸው ማጠቃለያም በአንድ ቃል የተሰጠ አዎንታ ነበር። ሪዘንበርግ በ1985 ሌላ ዘዴ አቀረበ፤ ኦጋታ በ1988 ደግሞ እያንዳንዱ ርዕደት የራሱን ተከታይ ሊወልድ ይችላል የሚል ሞዴል አምጥቶ ዋናና ተከታይ የሚለውን ክፍፍል ራሱን አላላው። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። ከ2004ቱ ሱማትራ፣ ከ2010ሩ ቺሌና ከ2011ዱ ጃፓን በኋላ ታላላቅ ርዕደቶች በዓለም ደረጃ ተጠራርተው ይመጣሉ የሚል አስተሳሰብ ተነሥቶ ነበር፤ ቀድመው በ2005 ቡፍና ፐርኪንስ ይህን የሚደግፍ ጥናት አቅርበዋል። አንድሩ ማይክል በ2011፣ ሺረርና ስታርክ በ2012 ተከታዮቹን ካወጡ በኋላ ክምችቱ ከዘፈቀደ እንደማይለይ አሳዩ። የማይክልን፣ የሺረርንና የስታርክን ወገን የሚደግፈው ማስረጃ የበረታ ይመስለኛል፤ ታላላቆቹ ርዕደቶች በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ግን ደካማ መጠራራት ቢኖር ይህ መረጃ ሊያየው አይችልም።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ አንድ ትልቅ ርዕደት ኋላም እየደከሙ የሚከተሉ ትንንሾች ባሉበት ዓለም የተወለዱ ናቸው። በፈንታሌ የሆነው እንዲህ አይደለም። 5.7ቱ በታኅሣሥ ደርሶ፣ 6.0 የደረሰው በየካቲት 7 ምሽት መጣ፤ በመካከላቸውም ከ4 እስከ 5 የሚደርሱ ብዙዎች ነበሩ። የካሊፎርኒያን መስኮት እንዳለ ያመጣ ሰው የየካቲቱን ዋና፣ የቀደሙትን ሁሉ ቀዳሚ ሊያደርጋቸው ነው። ምክንያቱ ግን የሚሰርግ ቅልጥ ዐለት ከሆነ ሁሉም የአንድ ሌላ ነገር ውጤቶች እንጂ እርስ በርስ የተዋለዱ አይደሉም። ይህ ለግንባታ ደንብ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የኢትዮጵያ የርዕደ መሬት ደንብ በመቶ ዓመት የመመለሻ ዘመን፣ የ2015ቱ ደግሞ በ475 ዓመት ላይ ተመሥርቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያለው ካታሎግ ከስምጥ ሸለቆው ክምችቶች ስንቱን ነጻ ክስተት አድርጎ እንደቆጠረ ስሌቱን ይለውጠዋል፤ ለማግማ አካባቢ የሚስማማ፣ ሁሉም የተቀበለው የማጣሪያ ዘዴ ግን እስካሁን የለም።

የኮምፒዩተሩ ጆሮና የመዝገቡ መለዋወጥ

በ2019 የደቡብ ካሊፎርኒያን ያለፉ ዓመታት የሞገድ ቅጂዎች በኮምፒዩተር እንደገና የፈተሹ ተመራማሪዎች ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ርዕደቶች አገኙ፤ ከቀድሞው መዝገብ ዐሥር እጥፍ ገደማ ነው። ማሽን ለርኒንግ የጎደለውን ይሞላዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር መሬት ላይ ያልተተከለን ጣቢያ ሊያዳምጥ አይችልም። ለኢትዮጵያ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ቅጂው በክፍት የሚገኘው የፉሪ ተራራ ጣቢያ ብቻውን የካሊፎርኒያን መቶዎች ጣቢያዎች አይተካም። ደግሞም አዲሶቹ ረድፎች በድሮው ካታሎግ ላይ ሲጨመሩ የሙሉነት ወሰኑ በየቦታውና በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል።

በጽሑፍ የሚታዘዝ መሣሪያ ለምን? ካርታው በድረ ገጽ ላይ አለ፣ በመዳፊት ይሠራል የሚለው አስተያየት ለአንድ ጊዜ ለሚያይ ሰው ልክ ነው፤ ብዙ ተማሪ የጀመረውም ከዚያ ነው። ችግሩ ከሳምንት በኋላ ምን እንደጠየቀ ማንም ማሳየት አለመቻሉ ነው። የጽሑፍ ትእዛዝ ወሰኑን፣ መጠኑን፣ የመረጃውን ምንጭ በግልጽ ስለሚይዝ ሌላው ሰው አንዱን ቁጥር ቀይሮ ድምዳሜው መቆሙን ሊፈትን ይችላል፤ ወሰኑን ከ4 ወደ 4.5 ሲያደርሱት የሚጠፋ ጭማሪ ጭማሪ አልነበረም። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ካታሎጉ ራሱ ስለሚታረም ያው ትእዛዝ ነገ ሌላ መልስ ይሰጣል፣ ታዲያ ትእዛዙን ማስቀመጥ ምን ዋስትና አለው? እውነት ነው፣ ትእዛዙ ብቻውን አይበቃም። ከተጠየቀበት ቀንና ከወጣው ፋይል ጋር መቀመጥ አለበት። ይህ ሲሟላ መለዋወጡ ራሱ መረጃ ይሆናል፤ የሊብኮምካት የእርማት ታሪክ ትእዛዝ አንድ ርዕደት ከመጀመሪያው ሰዓት ግምት እስከ መጨረሻው ስሌት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያሳያል፣ ያ እንቅስቃሴም የስሕተቱን ስፋት ከየትኛውም የታተመ ቁጥር ይልቅ በሐቅ ይናገራል።

ዓለም አቀፉ የሲስሞሎጂ ማዕከል የተገመገመውን መዝገብ የሚያወጣው ከክስተቱ ሁለት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። የፈንታሌ ርዕደቶችም በዚያ መንገድ ሲያልፉ ቦታቸው ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ይዋሐዳል፣ ከአካባቢው ጣቢያዎች የሚገኝ ንባብ ካለም ከ4 በታች ያሉት ይጨመሩ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. በእጅ የወረደው ዝርዝር ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ነው የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ወረዳዎች ሕዝብ ከቤቱ የወጣበት ሰሞን የዓለም መረብ ምን ያህሉን እንደሰማ የሚታወቀው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከ1960ዎቹ በፊት የነበረው የስምጥ ሸለቆ ጸጥታ የምድር ይሁን የመሣሪያ የሚለውን የትኛውም ፍለጋ አይፈታውም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሊቃውንት በየገዳሙ ያሉትን ሰነዶች፣ ጂኦሎጂስቶች ደግሞ በየስንጥቁ የተቀበሩትን የድሮ ንቅናቄዎች አሻራ ማንበባቸው ነው።